በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው «መ»

ጋሽ ጀማል አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭሮ ውስጥ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ከሁሉ በፊት ግን በደሉ ይጻፍልኝ። የቀብራቸው አፈር ሳይደርቅ፣ «የመንደራችን አባት» የሚል ባነር በራሳቸው ፊደል ታትሞ በራቸው ላይ ተሰቀለ። ከታች ጥግ ላይ «የፊደሉ ፈጣሪ» ተብሎ የተጻፈው ግን ባነሩን ያተመው ማተሚያ ቤት ባለቤት ስም ነው!

ለማያውቋቸው ልንገር። ዛሬ ከበደሳ እስከ ቦኬ በየሱቁ የምታዩት ወፍራምና ክብ ክብ ያለ፣ ሹል ጫፍ የሌለው ፊደል የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። «ቀጭን እግር አቧራ ይበላዋል፤ ሹል ጫፍ ፀሐይ ይልጠዋል» ይሉ ነበር። የፊደሉ ቀዳዳ በውፍረቱ እንዳይደፈን በብሩሽ ጫፍ ሲታገሉ ይውላሉ። «ይተንፍስ እንጂ!»

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ልብስ የምሰፋው ከሥራ ቦታቸው ፊት ለፊት ስለነበር፣ ታፔላ ሲጨርሱ ጠርተው ከመንገዱ ማዶ ያቆሙኛል። «ዱብሲ መርየም! አንብቢ!» ይሉኛል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። ከተደናቀፍኩ አጥፍተው እንደገና ይጽፋሉ። አንድ የጫት ነጋዴ ሰለቸውና «ጋሼ፣ እሷን ትምህርት ቤት ቢልኳት አይቀልም?» አላቸው።

«አንተ ራስህ ማንበብ ብትችል፣ ስምህን ገልብጬ እንደጻፍኩት ታይ ነበር።»

ነጋዴው ደንግጦ ታፔላውን መመርመር ጀመረ።

የዋናው መንገድ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ሲጽፉ፣ የሸራ ማሰሪያ ብረት የ«መ» ትከሻ ላይ ገጠማቸው። ባለቤቱ ብረቱ አይነቀልም አለ። ጋሽ ጀማልም ትከሻውን ትንሽ አሰርጉደው ብረቱን አለፉት። ማተሚያ ቤቱ ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ ስርጉዱንም ቀዳው። አሁን በሠርግ ባነርም በባጃጅ ጀርባም «መ» ትከሻው ሰርጉዶ ይታያል፤ ብረት በሌለበት!

ያን ጊዜ «ልሂድና ልጣላው» ብላቸው፣ «ተዪው መርየም፤ ሰው እያነበበው ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ዛሬም እናደዳለሁ።

ባነሩን ሳይ ግን ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

«እማማ፣ ፊደል እኮ የሁሉም ነው» አለኝ ባለቤቱ።

«የሁሉም ከሆነ ያንተን ስም ምን አስለጠፈው?»

«የሠራሁት እኔ ነኛ!»

እጁን ይዤ መድኃኒት ቤቱ ጋ ወሰድኩት። ብረቱ አሁንም አለ። «ያንተ ‹መ› ትከሻው ለምን ጎደለ? ያንተ ኮምፒውተር ውስጥ የትኛው ብረት ገፍቶት ነው?» ባጃጅ ነጂዎች ቆመው ይስቁ ነበር።

ጋሽ ጀማል፣ እርስዎ በሰላም ይረፉ፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም። አሁን ባነሩ ጥግ ላይ በእሱ ስም ፋንታ ያለው የእርስዎ ስም ነው። ከማዶ ቆሜ አነበብኩት፤ አልተደናቀፍኩም። «ተዪው» ሲሉኝ እርስዎም የተዉት መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ሰውየውን ከብረቱ ሥር አቁሜ «በሕይወት ሳሉ ለምን ስማቸውን አልጻፍክላቸውም?» ስለው፣ መሬት መሬቱን እያየ የመለሰልኝ ይህን ነው፦

«አንድ ቀን ብቻቸውን መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ሳቅሁባቸው።»