ለእመቤት ደም የሚሆን ውሃ

እንዳለው ከጎጃም ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ መተማ የቀረ ሰው ነው። አሁን አህያ በምትጎትተው ካሮ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳ ይሸጣል። ገዢ ቢሰድበው እንኳ አንገቱን ደፍቶ አህያዋን «ሂጂ» ይላል።

አምና መተማ አጠገብ ኮኪት የሰሊጥ ሠራተኛው መሀል ኮሌራ ሲገባ አብሮ አደጉን ቀበረ። ከዚያ ወዲህ ክሎሪን ሳይጨምር ለሰው ውሃ ሰጥቶ አያውቅም።

እህቱ እመቤት ደግሞ ኩላሊቷ ደክሞ፣ ክሊኒክ እየሄደች ደሟን በማሽን ታሳጥባለች። ያን ቀን የቧንቧው ውሃ ጠፋ። ማሽኑ ያለ ውሃ አይሠራም። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት፣ ትንፋሿም አጥሮ ተቀምጣለች። እንዳለው ሁለት በርሜል ሞልቶ ክሊኒኩ ደረሰ። ለእህቱ ነውና ክሎሪኑን እጥፍ አድርጎታል።

የማሽኑን ውሃ የምትቆጣጠረው ኢሕሳን ውሃውን በከሰል ማጣሪያው አሳልፋ የመመርመሪያ ወረቀት ነከረችበት። ወረቀቱ ቀለሙን ለወጠ።

«ጋሽ እንዳለው፣ ምን ጨመሩበት?»

«ክሎሪን... ንጹሕ እንዲሆን ብዬ።»

«ለሚጠጣ ሰው ቢሆን ደግ አድርገዋል፤ ሆድ ይችለዋል። ይሄ ግን ከደሟ ጋር ነው የሚገናኘው። ክሎሪን ካለበት ደሟን ያፈርሰዋል። ከሰሉ ይይዝልን ነበር፣ ይሄን ያህል ግን አልቻለም።»

«ታዲያ እንዲሁ ላምጣው? ኮሌራውስ?»

«ጀርሙን ከከሰሉ ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ያስቀረዋል። እርስዎ ብቻ ምንም እንዳይጨምሩ። በርሜሉንም ደኅና አድርገው ይጠቡት።»

መንገዱን ሁሉ ሲያስብ ሄደ። ጓደኛውን የገደለው ክሎሪን የሌለው ውሃ ነው፤ አሁን ያንኑ ለእህቱ ሊያደርስ ነው። የሰው ገላ ምን ዓይነት ቤት ነው? በአንዱ በር ዘበኛ የሆነው በሌላው በር ሌባ ይሆናል?

በርሜሎቹን አጥቦ፣ ቀድቶ ሲጨርስ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ሱቅ ያለው ሳጂድ የክሎሪን ጠርሙስ ይዞ ብቅ አለ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ! ዛሬ መድኃኒቱን ረሳኸው? ፍቅር ይዞሃል መሰለኝ!»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እንዳለው አንገቱን ደፍቶ የአህያዋን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

«ለእመቤት አይደል? እኔው ልጨምርላት፣ ሳንቲም አልፈልግም» ብሎ ሳጂድ ጠርሙሱን ከፍቶ ወደ በርሜሉ አዘነበለ።

«ተው! እንዳትነካው! ትሞትብኛለች!»

አህያዋ ሳትቀር ደነበረች። ሳጂድ እጁ አየር ላይ እንደቀረ፣ «አንተም ትጮኻለህ ለካ!» አለ። ጠርሙሱን ከድኖ ኪሱ ከተተና ካሮውን ከኋላ እየገፋ ከአሸዋው አወጣለት።

ኢሕሳን ማጣሪያውን በመጣው ውሃ አጥባ፣ ደግማ መረመረች። ወረቀቱ እንደነጣ ቀረ። «ይሆናል» አለች።

ማሽኑ ሲጀምር እመቤት ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ክሎሪን አድርገህበታል አይደል?»

«የለም።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዴ! ልትገለኝ ነው?»

እንዳለው ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«እኔ እያለሁ?» አለ ብቻ።

እመቤት ጥቂት አየችው። ከዚያ መርፌ የተሰካበትን እጇን እንደዘረጋች ዓይኗን ጨፈነች። እሱም ደሟ በቱቦው ሲሄድና ሲመለስ እያየ አጠገቧ ተቀመጠ።