ድምጿ የማይሰማ ሴት

ሰልዋን የማያውቅ የእሪ በከንቱ ሰፈር ሰው ካለ አዲስ ገቢ ነው። የሚያውቃትም ቢሆን ድምጿን ሰምቶ ሳይሆን ስፌቷን ለብሶ ነው። ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው በማይገባባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሴት ልብስ ትሰፋለች። ከመጋረጃው ጀርባ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ለክታለች። የማን ወገብ እንደሰፋ፣ የማን ሆድ ባሏ ሳያውቅ እንደገፋ ታውቃለች፤ ከአፏ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። የእሷን ወገብ የለካ ሰው ደግሞ የለም። የራሷን ቀሚስ የምትሰፋው በግምት ነው፤ ያውም ሁለት ሰው እንዲይዝ አድርጋ።

ዓይን አፋርነቷ የሰፈሩ ጨዋታ ነበር። የውስጥ ልብሷን የምታሰጣው አንሶላ ስር ደብቃ ስለሆነ ክረምት ላይ ሳይደርቅ ይሸታል። ወደ ጋራ መጸዳጃ ቤቱ ስትሄድ ሰው ካጋጠማት ውሃ ልቀዳ ነው ብላ ትመለሳለች። ጥርሷን ታማ ሐኪም ዘንድ የሄደች ጊዜ አፏን ስትከፍት ዓይኗን ጨፈነች እያለ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ሰዓት የሚጠግነው ባሏ የሲን እስከ ዛሬ ይስቅባታል። "ያገባኋት ማን እንደሆነች ገና አላየሁም" ይላል ለጓደኞቹ። እሷም ትቆጣዋለች፤ ያውም በሹክሹክታ።

ይህን ጠባይ ግን ከሜዳ አላመጣችውም። እናቷ የሞተችው በወሊድ ነው። ሰልዋ ያኔ ልጅ ናት። ቤታቸውን ከጎረቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ወንዶች ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቀኑን ሙሉ አማጠች። ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች በዚያ ቤት ምጥ እንደነበረ ያወቁት ለቅሶ ሲነሳ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ታዲያ አንድ ነገር ነበር የሚለው፤ ከሁሉም አብልጠው ያሉት ጎረቤታቸው እማማ ዘነቡ ናቸው። "ምን ያለች ጨዋ ነበረች! ድምጿ እንኳ ሳይሰማ ሄደች።"

እማማ ዘነቡ ክፉ ሴት አይደሉም። እናት የሞተባትን ልጅ ጉያቸው ከትተው ያሳደጉ፣ ከልጃቸው ጉሮሮ ቀንሰው ያበሉ ሴት ናቸው። ክፉ ቢሆኑማ ቃላቸው እንዲህ ሥር ባልሰደደ። ሰልዋ ከእናቷ የቀራት ሌላ ነገር ስላልነበረ ያቺን ምስጋና እንደ ውርስ ያዘቻት። ሴት ልጅ በዝምታ መሞቷን የሚያሞግስ አፍ ምነው ያኔ በተያዘ ኖሮ!

ሰልዋ ካገባች በኋላ ብዙ ዓመት ሳትወልድ ቆየች። ከስንት ዱዓ በኋላ ስታረግዝ የሲን በደስታ ሊያብድ ደረሰ። እሷ ግን ሆዷ በገፋ ቁጥር ፍርሃቷ አብሮ ገፋ። ከግቢያቸው በላይ ያለው ሰፈር ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ያን ጊዜ ስፌቷን አቁማ ታዳምጣለች። እናቷ ከግድግዳው ማዶ ሆና የምታንኳኳ ይመስላት ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ምጡ የጀመራት በሐምሌ፣ አርብ ረፋድ ላይ ነው። ለየሲን የነገረችው መቆም ሲያቅታት ነበር። ፔርሙዝ ሙሉ አብሽ አስይዛው፣ ክንዱን ተደግፋ፣ በጭቃው መንገድ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ነጭ ጋዋን ለብሶ የተቀበላት ወንድ ነው። ወንድ መሆኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሰውየው ዑዘይር ነው፣ የእማማ ዘነቡ ልጅ።

ሰልዋ ዑዘይርን አዝላዋለች። ንፍጡን ጠርጋለታለች፣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሙንም የሰፋችለት እሷ ናት። አዋላጅ ነርስ ሆኖ መመረቁን ታውቃለች፤ ክፍለ ሀገር ደረሰው ሲባል ሰምታ ልቧን አሳርፋ ነበር፤ ተዛውሮ መመለሱን ግን አልሰማችም።

"እትዬ ሰልዋ!" አለ ፊቱ በርቶ። "መቼ ጀመረሽ?"

"ሴት የለችም?" አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

"አዋላጇ ዳናይት አለች፤ ግን ወዲያኛው ክፍል ሌላ እናት ይዛለች። እስክትጨርስ እኔ አለሁልሽ። ምን ያሳስብሻል? እኔ እኮ ነኝ!"

ችግሩ እሱ መሆኑ ነበር። ነገ ከነገ ወዲያ በዚያው ግቢ በር ይገናኛሉ፤ ሸሚዙን ቁልፍ ትትከልልኝ ብሎ ይልካል፤ እናቱ ዘንድ ቁጭ ብለው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ምን ዓይን ይዛ ልታየው ነው?

ዑዘይር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳያት። "እንደ ድሮው በጀርባሽ ካልተኛሽ የሚልሽ የለም። በጎንሽ፣ ቁጢጥ ብለሽ፣ ቆመሽ፣ ተንበርክከሽ፣ እንደተመቸሽ። ምርጫው ያንቺ ነው።"

ሰልዋ ሥዕሎቹን በልብስ ሰፊ ዓይን አየቻቸው። የቱ እንደሚመቻት አልነበረም ያሰላችው፤ በየቱ ምን እንደሚታይ ነው። በጀርባ ከሆነ ሁሉ ነገር ተገልጦ ይቀራል። ቁጢጥ ከሆነ ቀሚሱ ይሰበሰባል። ተንበርክካ ደረቷን ወደ ፍራሹ የደፋችውን ሴት ስታይ ደግሞ ፊቷን አዞረች። እንዲህ ከምሆን ሞቴን ይስጠኝ አለች በልቧ፤ አባባሏ ራሷን አስደነገጣት።

"ቆሜ" አለች። "ወደ ግድግዳው ዞሬ። ቀሚሴም አይወልቅም።"

"ቆመሽ ብታምጪ ደግ ነው። ይረዳሻል።" በቀሚሷ ላይ ሆኖ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጠና ፈገግ አለ። "ፈረስ ነው የሚጋልበው!" ወዲያው ዳናይት ከወዲያኛው ክፍል ጠራችው። በሩ ላይ ሆኖ ዞር አለ። "ውሃው ከፈሰሰ ጥሪኝ። ወዲያው፣ እሺ? ጮክ በይ።"

"እሺ" አለች። በዕድሜዋ ግን ጮክ ብላ ማንንም ጠርታ አታውቅም።

የመስኮቱን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች። የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ ጥርሷ መካከል ከተተች። ምጡ ሲመጣ ነከሰችው፤ ሲሄድ ለቀቀችው። በመስኮቱ ልጆቻቸውን ለክትባት ያመጡ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ የሲንም ፔርሙዙን ታቅፎ በመካከላቸው ቆሟል። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩም። በጸጥታዋ ትንሽ ኩራት ተሰማት።

ውሃው በድንገት ፈሰሰ። እግሯን አርሶ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። ተከትሎም ሌላ ነገር ተንሸራቶ ወረደ። እጇን ከቀሚሷ ስር ሰዳ ዳበሰችው። ለስላሳ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጠማማ ነው። በጣቶቿ መካከል ይመታል።

እትብቱ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለጋትም። ልጅ ሳይወጣ የሚቀድም ነገር ደግ እንዳልሆነም ገባት። አፏን ከፈተች። ከፈተችና ቀጥሎ የሚመጣው ታያት፤ ቀሚሷ ሲገለጥ፣ ዑዘይር ጎንበስ ሲል፣ ያ ነገር ተንጠልጥሎ ሲያየው። ጉልበቷን ገጥማ ቆመች።

ዑዘይር ብቅ አለ። "እንሽርት ውሃው ፈሷላ! ልይሽ እትዬ፣ አንዴ ጋደም በይ።"

"ዳናይት ትምጣ።"

"ትንሽ ትቆያለች እኮ።"

"እጠብቃታለሁ። ደህና ነኝ።"

ዑዘይር አመነታ። ሴትየዋ ካልፈቀደች አትንኳት ተብሎ ተምሯል፤ ከዚያም በላይ ያሳደገችውን ሴት እንዴት ይድፈር? "አሁን አመጣልሻለሁ" ብሎ ወጣ። ሰልዋም እፎይ አለች። አላህ ይቅር ይበላት፣ እፎይ አለች።

ምጡ ተመለሰ። ሲጨመድዳት በጣቶቿ መካከል ያለው ምት ዘገየ። ሲለቃት ቀጠለ። በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ዘገየ፤ ቀጥሎም ፈጽሞ ቆመና፣ ቆይቶ፣ እንደገና አንዴ መታ። ልጇ ከሆዷ ውስጥ እየጠራት ነበር፤ እሷም እጇን በሩ ላይ አድርጋ አልከፍትም ብላለች። ከደጅ አንዷ ሴት ለሌላዋ፣ "እዚያ ውስጥ ሰው አለ እንዴ? ድምፅ የለም እኮ" ስትል ሰማች።

ነጠላው ከአፏ ወደቀ።

"ዑዘይር!" ብላ ጮኸች። "ዑዘይር! እትብቱ ወጥቷል! ልጄ ሞተብኝ! ዑዘይር!"

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሴቶች ባንድነት ተነሡ። የሲን ድምፁ የማን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቀውም፤ ሲያውቀው ፔርሙዙ ከእጁ ወደቀ። ዑዘይር እየሮጠ ገባ፤ ቀሚሷን ያለ ፈቃድ ገለጠ፤ ፊቱ ያን ጊዜ የሕፃን ፊት መሰለ።

"አልጋው ላይ ውጪ። ተንበርከኪ። ደረትሽ ፍራሹ ላይ፣ መቀመጫሽ ወደ ላይ። አሁን!"

ያቺው ሥዕል ነበረች። ሰልዋ ወጣችና ሆነች። ዑዘይር ጓንቱን አጥልቆ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ የልጁን ራስ ከእትብቱ ላይ ገፍቶ ያዘ። "ሆስፒታል እስክንደርስ እጄን አላወጣም" አለ። "ካወጣሁ ያልቃል።"

እንደዚያው እንዳለች፣ ከነአልጋው፣ ዳናይትና ዘበኛው እየገፉ በሴቶቹ መካከል አወጧት። የሲን ጃኬቱን አውልቆ ሊሸፍናት ሞከረ፤ ጃኬቱ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ አያት። በግምት የሰፋችው ሰፊ ቀሚስ ወገቧ ላይ ተጠቅልሎ ነበር።

የጤና ጣቢያው አምቡላንስ በተቆፈረው መንገድ እየተንገጫገጨ ወጣ፤ ጊዮርጊስ ጋ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመ። ሰልዋ ጉንጯ ፍራሹ ላይ እንደተለጠፈ የምታየው የዑዘይርን ጫማ ብቻ ነው።

"ይመታል?"

"ይመታል።"

ጥቂት እንደሄዱ ደግማ ጠየቀች። 

"እትዬ" አለ በመጨረሻ፣ "እውነቱን ንገሪኝ፤ ሐኪሙ ይጠይቀኛል። መቼ ነው የወረደው?"

"ቅድም። ልይሽ ስትለኝ... ነበረ።"

ዑዘይር ጫማውን ወለሉ ላይ አደላደለ። እጁን አላነሳም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሆስፒታል እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ወገቧን አደንዝዘው ከደረቷ በላይ አረንጓዴ መጋረጃ ጋረዱባት። ከመጋረጃው ማዶ ልጇን ሲያወጡ ታወቃት። ጓንት ተንጣጣ፣ ብረት ተጋጨ፣ አንዱ ለአንዱ "አየር ፓምፕ አድርግ" አለ። የልጅ ድምፅ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ጸጥታን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ጸጥታ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች። "አልቅሺ፣ አልቅሺ" ብላ ለመነች፤ ሴት መሆኗን እንኳ ማንም አልነገራትም ነበር። ብዙ ቆይቶ አንድ የተሰነጠቀ፣ ድመት የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ያውም ወዲያው ጠፋ።

ሐኪሙ በማግስቱ አልጋዋ ድረስ መጣ። ያልደበቃት ደግ ሰው ነው። "ትተነፍሳለች፣ ትጠባለች። ግን ታፍና ቆይታለች። ጉዳት ይኑራት አይኑራት እያደገች ስትሄድ ነው የምናየው" አለ። ስሟን ሲሀም አሏት።

ቤት ከገቡ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ አለ። ያን ቀን ያዩዋት ሴቶችም መጡ፤ አንዳቸውም ስለ ቀሚሱ አላነሱም። ሰልዋም ስለ ቀሚሱ አላሰበችም። የምታስበው ስለ ሲሀም ነው። ሲሀም ሲርባት አታለቅስም። ስትረጥብ አታለቅስም። ጣሪያውን እያየች ትተኛለች። ሰልዋ ከአራስ አልጋዋ ሆና ትንፋሿን ታዳምጣለች፤ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ይንኳኳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ዘነቡ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር። ዑዘይርም በሩን ተደግፎ ቆሟል። በአምቡላንስ ውስጥ የነገረችውን ለእናቱ አልነገረም፣ ለማንም አልነገረም።

"ማሻአላህ!" አሉ እማማ ዘነቡ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ድምጿ እንኳ አይሰማ። ቁርጥ አያቷን!"

ሰልዋ የቀዶ ጥገናው ስፌት ይቀደድብኛል ሳትል ከአልጋው ወረደች። ልጅቷን ከጭናቸው ላይ አነሳች። መጠቅለያውን ፈታች፣ ትንሿን ተረከዝ በጣቶቿ ያዘችና ቆነጠጠቻት።

"አንቺ! ምን ነካሽ?" አሉ እማማ ዘነቡ።

የሲሀም ፊት ተጨማደደ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሰልዋ አበርትታ ደገመቻት። ዑዘይር ከበሩ አንድ እርምጃ ተጠጋ፤ ሊከለክላት ግን አልነበረም፤ ሊሰማ ነው።

ልጅቷ አፏን ከፈተችና ጮኸች። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ሞላ፤ ከዚያ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የሚሠሩት ሰዎች እስኪሰሙት ድረስ ጮኸች። ዑዘይር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ጩኺ" አለቻት ሰልዋ፣ እንባዋ በልጅቷ ግንባር ላይ እየወረደ። "ጩኺ እናቴ። ሰፈሩ ይስማ።"

እማማ ዘነቡ ሊያባብሏት እጃቸውን ዘረጉ። ሰልዋ አልሰጠቻቸውም።