አራስ የሚጠየቅበት ሰዓት

ልጄ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ለአራስነቷ መዘጋጀት የጀመርኩት ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው። ሰው ሳቀብኝ። የአራስ ቤት የሴቶች ጉዳይ ነው፣ አንተን ምን አገባህ አሉኝ። እኔ ዕድሜዬን የውሃ ፓምፕና ቬንትሌተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተቃጠለ ሞተር እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ቬንትሌተሩ ትዝ የሚለው ሙቀቱ ከገባ በኋላ የሆነ ሰው እኔ ሱቅ በር ላይ በላብ ተጠምቆ ወረፋ ይጠብቃል፤ ቀደም ብሎ ያሰበው ቤቱ ተኝቷል። ሰው ይህን ለዕቃው እያወቀ ለልጁ ሲሆን ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም።

ደግሞም ምክንያት ነበረኝ። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ በሕይወት ነበረች፤ ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ በጠያቂ ይሞላ ነበር፣ እኔም በዚያ እኮራ ነበር። በዚያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ መካከል ልጄ ጡቷ ደድሮ፣ ብርድ ብርድ እያላት በትኩሳት ትቃጠል ነበር። ሴቶቹ ነፋስ ነው ብለው መስኮቱን ዘጉባት፤ በድሬ ዳዋ ሙቀት ብርድ ልብስ ደረቡባት። ሐኪም ጋ የደረሰችው መግል ከቋጠረ በኋላ ነው፤ ቀደው አወጡት። ዳነች፣ ግን በዚያ ጡት ልጇን ሳታጠባ ቀረች። አሁን እናቷ የለችም። ባሏ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ የምትታረሰው እኔ ቤት ነው፣ ያ ነገር እንዳይደገም ማድረግም የእኔ ፋንታ ሆነ።

የምትተኛበትን ክፍል ኖራ ቀባሁ። መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት መታሁ፤ ቬንትሌተሩ በቀጥታ እንዳይመታት ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቀልኩት። ውሃ ሲጠፋ እንዳንቸገር በርሜል ጨመርኩ። ገንፎና አጥሚት የምትሠራ፣ ሕፃኑንም የምታጥብ ሴት ከሰፈር አነጋገርኩ። አንድ ባለባጃጅ ምጡ በመጣ ጊዜ እንዲደርስልን፣ ስልኩንም እንዳያጠፋ ቃል አስገባሁት።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ፀሐይ ስትበርድ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ከአጥሬ ወዲያ የምትኖር፣ ሻሽና ሽርጥ የምትነግድ፣ ብዙ ወልዳ ያሳደገች ኦሮሞ እናት ናት። እኔ በቋንቋዋ አዴ፣ እናቴ እላታለሁ፣ እሷ አቦ ትለኛለች። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጎበዝ ነህ አቦ» አለች። «ልጅቷንስ ጠይቀሃታል?»

«በየቀኑ ነው የምጠይቃት» አልኳት፤ ትንሽ ከፋኝ። «ትናንት እንኳ ፓፓያ ይዤላት ሄጄ ነበር።»

ሳቀች። «አማርኛችሁ ነው የሚያታልላችሁ። ሄዶ ማየትም መጠየቅ፣ በአፍ መጠየቅም መጠየቅ! አራስ ቤት ሁሉም ይመጣና ጠየቅኳት ብሎ ይሄዳል። ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ግን የለም።»

ቃሉን ስናገረው ኖሬ አንድም ቀን ሁለት ሆኖ አልታየኝም ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ጠየቅኳት፤ አዴ ባለችው መንገድ። ልጄ ከእኔ ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አልለመደችምና መጀመሪያ ምንም አልፈልግም አለች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ የተናገረችው ነገር ከዝግጅቴ አንዱንም አይነካም። በመጀመሪያው አራስነቷ ሕመሙ ሲጀምራት ለማን እንደምትናገር ግራ ገብቷት ነበር። ክፍሉ ሁልጊዜ ሰው በሰው ነው፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ለሚገባው ሁሉ ቀና ብላ መመለስ አለባት። ውጡልኝ ማለት ነውር ሆኖባት፣ ሳትተኛም ሳትናገርም ይመሽባት ነበር።

«አባዬ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው እንዳይገባብኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «አሁን አይሆንም የሚል ሰው በር ላይ ይቀመጥልኝ።»

«ይህን ደፍሮ የሚል ማን አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራው አንተን አይደለም እንዴ?»

እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን ልክ ነበረች። የአጥሬን ቆርቆሮ በኳስ የመታ ሁሉ ያውቀኛል። ቁጣዬ ለአንድ ነገር ከጠቀመ ይጥቀም አልኩ።

ሴት ልጅ ወለደች። ከዚያ በኋላ ምሳ ከተበላ ጀምሮ ፀሐይ እስክትበርድ ወንበሬን በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከበሩ ፊት አደርግ ነበር። የመጣውን አመሰግናለሁ፣ ይዞ የመጣውን እቀበላለሁ፣ ሲበርድ ተመለሱ እላለሁ። የተቀየመኝ አለ። ተቀይሞ ያልተመለሰም አለ፤ አልቆጨኝም። የአራስ ሴት እንቅልፍ ከጠያቂ ክብር ይበልጣል። ይህን በር ላይ ቆሞ ለመናገር የማይደፍር አባት ገንፎውን ቢያዘጋጅ ብዙ አልረዳም።

የከበደችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ከሁርሶ በሚኒባስ፣ ቅቤዋን ታቅፋ መጣች።

«ዘበኛ ሆነህ ተቀጠርክ?» አለችኝ።

«ተኝታለች እትዬ። ተቀመጪ።»

«አዝዬ ያሳደግኩህን ነው ከበር የምትመልሰኝ?»

«አልመለስኩሽም። ተቀመጪ ነው ያልኩሽ።»

ቅቤውን ሳይቀልጥ ወደ ጓዳ አስገባሁት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ብዙም ሳንቆይ በሩ ተከፈተና ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ጡቴ እንደዚያን ጊዜ መጋል ጀምሯል። ባጃጁን ጥራልኝ።»

ማንም ሳይጎተጉታት፣ ሕመሙ ገና ሲጀምራት ተናገረች። እህቴ ነፋስ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ አየኋት፣ መልሳ ዘጋችው። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፤ መድኃኒት ሰጧት፤ በዚያው ጡት ማጥባቷን እንዳታቆም መከሯት። በጊዜ መጥተሻል አሏት። ሳይቋጥር ለቀቃት፤ እስከ ዛሬ በሁለቱም ታጠባለች።

የዚያን ቀን ስንመለስ እህቴ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ጠያቂዎች ቆመዋል፤ «አክስቷ ሆኜ እኔ እንኳ ገና አልገባሁም» ትላቸዋለች። ልጄ ከባጃጁ ስትወርድ ተነሳችና መንገድ ለቀቀችላት።

«አብሬሽ ልግባ ወይስ ትተኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።