ነፋስ ያገተው ሃልቮር

ሃልቮር መቀመጥ አያውቅም ነበር። ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የማሞቂያ ምድጃ ይጠግናል፤ መጋቢት ሲገባ ግን መፍቻውን ጥሎ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኑን አስነስቶ ውሾች በበረዶ ላይ ጋሪ እየጎተቱ ለሚሽቀዳደሙበት ውድድር በነጻ ያገለግላል። ውድድሩ ወደሚያልፍበት መንደራችን ሲመጣ ለውሾቹ መኝታ ጭድና ምግብ ያራግፍልናል። ሲመለስ ጋሪ መጎተት አቅቷቸው ከውድድሩ የወጡትን ውሾች ጭኖ ይሄዳል። ሚስቱ ማክሲን፣ "እኔንም ካላነከስኩ አትጭነኝም ማለት ነው?" ትለው ነበር አሉ።

አንድ ዓመት ነፋስ እኛ መንደር፣ ዩኮን ወንዝ ዳር አገተው። ተወዳዳሪዎቹ አልፈው ሄደዋል፤ እሱና ስድስት ውሾች ቀሩ። የመንደሩን አዳራሽ የምትጠብቀው አክስቴ አጋፊያ እዚያው አሳደረችው። መጀመሪያ የአዳራሹን ምድጃ፣ ሳይበላሽ፣ ፈታትቶ ገጠመው። በማግስቱ የሚፈታ ሲያጣ ከመስኮት መስኮት መመላለስ ያዘ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወለሌን ጨረስከው እኮ! ቁጭ ብለህ ሾርባህን ጠጣ።"

"እትዬ አጋፊያ፣ ያ ደመና ከፈት ያለ አይመስልዎትም?"

"ከፈት ያለውስ ያንተ ጭንቅላት ነው።"

ከውሾቹ አንዷ፣ ጁኖ የምትባለው፣ ልክ እንደሱ ነበረች። የፊት እግሯ አብጦ እንኳ በሰንሰለቷ ዙሪያ ትሽከረከራለች፤ ጓደኞቿ የሄዱበትን አቅጣጫ እያየች ታላዝናለች። "ይቺን ልጅ ቤቷ ማድረስ አለብኝ" ይላል ሃልቮር። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው።

በሦስተኛው ጠዋት ነፋሱ ጋብ ሲል ጭነቱን አሰናዳ።

"ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው እንጂ አልሄደም" አልኩት።

"እሱ እስኪሰበስብ እኔ እደርሳለሁ።"

ውሾቹን ከመቀመጫው ኋላ በአጭሩ አሰርንለትና ተነሳ። ኮረብታውን ሳያልፍ ነፋሱ መጣ፤ ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ሆኑ። በአዳራሹ ሬዲዮ ድምፁን ሰማን፦ "ወንዙ ላይ እያረፍኩ ነው፤ ከአሮጌው ዓሣ ማድረቂያ በታች።" ከዚያ ዝም። አክስቴ አማተበች።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ወንዙ በረዶ ሆኖ ስለጠጠረ ማረፉስ አልከበደውም። የከበደው ከዚያ ወዲያ ነው። በእግሩ እንዳይመለስ፣ ያነከሱ ውሾች አስከትሎ አይሆንም፤ ጥሏቸውም አይሄድም። በሩን ይከፍታል፣ ነፋሱን ይሰድባል፣ ይዘጋል፤ ደግሞ ይከፍታል። በመጨረሻ ጁኖ ማሰሪያዋን በጥርሷ በጥሳ ወደፊት መጣችና ጭኑ ላይ ተጋደመች። ገፋ ቢያደርጋት አጉረመረመችበት።

"ከዚያማ በምን ልነሳ?" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዳከም እኔና የአክስቴ ልጅ ሲሞን በበረዶ ሞተርሳይክል ደረስን። የአውሮፕላኑ መስኮት ከውስጥ በውርጭ ተሸፍኗል፤ ምንም አይንቀሳቀስም። በሩን ከፈትኩት። ውሾቹ አንድ ላይ ጮኹብን። ሃልቮር አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

"ለካ ይተኛል!" አለ ሲሞን።

ስነቀንቀው አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ነፋሱ አሁን ከየት ነው?"

"ከምዕራብ፤ ግን አቅም የለውም።"

"ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ክንፉን ጥረጉልኝ እንጂ!"

ጠረግንለት። ስድስቱንም በሰላም አደረሰ፤ ጁኖ ኋላ አልታሰርም ብላ ፊት ወንበር ላይ ሆና ነው የሄደችው። ያ ቀን አርፎ መቀመጥ ያስተምረዋል ብለን ነበር። በቀጣዩ መጋቢት ግን ያራገፈልንን ጭድ ገና ሳናነሳው፣ በአውሮፕላኑ መስኮት ለአክስቴ እጁን አውለብልቦላት ተነስቶ ሄደ።