«ገነቴ፣ በሩን ዝጊው!»

የዚያ ክረምት ጎርፍ የሾኔን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠራርጎ ሲወስድ የገነቴን ባል ዋለንም አብሮ ወሰደው። ዋለ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት እያነበበ በካሴት የሚቀዳ መምህር ነበር፤ ገነቴ ደግሞ መጽሐፍ አዋሿ። ውሃው ሲሸሽ ከጭቃው የተረፈው አንድ ማዳበሪያ ካሴት ብቻ ሆነ።

ገነቴ እያንዳንዱን ፈታታ፣ ክሩን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ዘረጋችው። ቡናማው ክር በነፋስ ሲርገበገብ አንዳንዱ ሰፈርተኛ መንገድ ይቀይር ጀመር፤ ክሩ ያንሾካሹካል እየተባለ። እሷ ግን በእስክሪብቶ እያዞረች መልሳ ስትጠቀልለው ታንጎራጉራለች፤

ጎርፉ በላህ ቢሉኝ አምኜ ነበረ፣
ድምፅህ ግን ከጭቃ ወጥቶ ተናገረ።

ለዓይነ ስውራኑ አዲስ የማዳመጫ ክፍል ሊከፈት ስለሆነ፣ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሲላስ የሚባል ባለሙያ ከሆሳዕና መጣ። የካሴት ማጫወቻውን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ሲከፍተው፣ እንደሚፈስ አሸዋ ከሚንሿሿው ድምፅ ውስጥ ዋለ ብቅ አለ። ስለ ደም ዝውውር ያነባል። ገጽ በገለበጠ ቁጥር «ገለበጥኩ» ይላል፤ ወረቀቱን ለማያዩት ማሳወቁ ነው። የድሮው ቤተ መጻሕፍት በር ነፋስ ሲገፋው ወለል የሚል ስለነበር በመሃል ይጣራል፤ «ገነቴ፣ በሩን ዝጊው!»

ገነቴ ብድግ አለች። የምትዘጋው በር የለም፤ ጎርፉ ከነመቃኑ ነቅሎታል። ደግሞ ተጠራች፤ ደግሞ ተነሳች።

«እትዬ፣ ይህቺን ብቆርጣት ይሻላል» አለ ሲላስ። «ልጆቹ ለፈተና ነው የሚያዳምጡት። የእርስዎ ስም ደም ዝውውር መሃል ምን ይሠራል?»

«ምነው፣ እኔ ደም የለኝም?» አለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

«እሺ፣ ቁራጩን ስልክዎ ላይ ልጫንልዎት?»

ጥሪውን ለብቻዋ ከያዘችው፣ የቀረ ዕድሜዋን በሌለ በር ፊት ቆማ እንደምትጨርስ ገባት።

«አይሆንም። ቁረጠውና ይረፍ። እኔም ልረፍ።»

ሲላስ አንድ ሳያስቀር ቆረጠ። ካሴቶቹም የክራቸው ቀለም ተላልጦ ዳግመኛ ድምፅ አልሰጡም።

አዲሱ የማዳመጫ ክፍል ሥራ በጀመረበት ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይነ ስውሯ ጣቢታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ የመጀመሪያዋ አንባቢ ሆነች። ጥቂት አዳምጣ ቀና አለች።

«እትዬ ገነቴ፣ በሩን ዝጊው እያሉዎት ነው።»

ሲላስ ወደ ስክሪኑ ተንደረደረ። የድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

«ምንም የለም እኮ!» አለ።

ገነቴ ዞረች። ቅድም በእጇ የቀረቀረችው የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውጭ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ቀስ ብላ ሄደች። አሁንስ የሚጨበጥ በር አለ። ገፍታ ዘጋችውና መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ዘጋሁት፣ ዋለዬ።»

ጣቢታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ገለበጥኩ አሉ» አለች። «ማንበብ ቀጠሉ።»