እናቴ ባቡር የያዘችበት ዘመን

ልጅ ሳለሁ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ባቡር በእጇ ይዛ የምትውል ሴት ነበረች። ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። አባባ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ እንግዶችን በበቅሎ ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ባቡር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ያም ሆኖ ስለ ባቡር ከማውራት የሚያግዳቸው አልነበረም።

እናቴ ወልድያ ኤሌክትሪክ ተምራ፣ የአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ባቡር ጥገና ላይ ሥራ ስታገኝ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከመወለዴ በፊት ስለሞተ እኔና አባባ ሁለታችን ቀረን። እሑድ እሑድ ትደውላለች። አባባ የሚቆራረጠውን ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እህ… እህ…» ሲሉ ቆይተው ለእኔ ያቀብሉኛል፤ እሳቸው የሰሙትን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ቀስ እያሉ ያወጡልኛል። ያኔ ቤታችን ትንሽ የሶላር መብራት ነበረች፤ አባባ ግን ተረት በመብራት አይወራም ብለው ያጠፏታል። የጥድ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ፍም ውስጥ የቀበርነው ድንች እስኪበስል፣ ፊታቸው በፍሙ ቅላት ግማሹ እየታየ ግማሹ እየጠፋ ይነግሩኝ ነበር።

እንደ እሳቸው ከሆነ ባቡር ጀርባው ላይ አንድ ክንድ ያለው በቅሎ ነው። ገብስም ሣርም አይበላም፤ ቀለቡ የሚመጣው ከላይ ከተወጠረ ሽቦ ነው። ክንዱ ሽቦውን እስከነካ ድረስ ይጋልባል፤ አንድ ጣት ያህል ከራቀ ግን ባለበት ይገተራል። ክንዱ ደግሞ በራሱ አይቆምም፤ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወደ ላይ ደግፎ መያዝ አለበት። ያ ሰው እናቴ ነበረች።

«እጇን ታወረደች ያ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል» አሉኝ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣ ብዬ አምርሬ ያለቀስኩ ዕለት። «ሐኪሙ ይቀራል፣ አስተማሪው ይቀራል፣ ምጥ የያዛት ትቀራለች። ያን ሁሉ ሰው ጥላ ትምጣ?»

አትምጣ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ መቼ ትመጫለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ናፍቆቱ ግን በዚህ የሚበርድ አልነበረም። ስተኛ ትታው የሄደችውን ሹራብ ተንተርሼ ክንዴን ወደ ጣሪያው እዘረጋና ምን ያህል መቆየት እንደምችል እሞክራለሁ። ብዙም ሳልቆይ ክንዴ ይዝላል፤ ያኔ ታሳዝነኛለች። በስልክ የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «እጅሽ አልደከመሽም?» እሷም የሥራዋን ድካም የጠየቅኋት እየመሰላት «ለምጄዋለሁ ልጄ» ትለኛለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ለገና ሳምንት ሲቀረው፣ ከየአገሩ የመጣው ምእመን መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ አንዲት ሴት ቦርሳ አንጠልጥላ ወደ ቤታችን ዳገቱን ስትወጣ አየሁ። እናቴ ናት። ሮጥኩ፤ አጠገቧ ልደርስ ስል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። ሁለቱም እጆቿ ወደ እኔ ተዘርግተዋል።

«ማን ይዞት ነው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ተመለሽ። አሁኑኑ ሂጅ» አልኳት።

እያለቀስኩ ወደ መንገዱ እገፋት ጀመር። እጆቿ ባዶአቸውን ቀሩ። ልጄ ረሳችኝ፣ ጠላችኝ ብላ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሷ ነግራኛለች። የዚያን ጊዜ ፊቷን አሁን ድረስ ማስታወስ አልወድም።

ነገሩ የተፈታው ማታ እሳት ዳር ነው። አባባ አንገታቸውን ደፍተው ፍሙን ሲቆሰቁሱ ቆዩና «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ተረቱን ከነበቅሎው ነገሯት። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ እውነቱን አስረዳችኝ። ክንዱን ማንም አይዘውም፤ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ያለ፣ ግን ትልቅ የሆነ ነገር ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። የእሷ ሥራ ባቡሮቹ ለጥገና ሲገቡ ጣሪያቸው ላይ ወጥታ፣ ሽቦውን የሚነካው ጥቁር ቁራጭ ምን ያህል እንደተበላ መለካትና ያለቀውን መለወጥ ነው። ሽቦውም ቀጥ ብሎ አይወጠርም፤ ከምሰሶ ምሰሶ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ካሸው ቁራጩን ገዝግዞ ይጨርሰዋል። አባባ ይህን ሲሰሙ ጥፋታቸውን ረስተው «ልክ ነው፤ ኮርቻም አንድ ቦታ ታሸ በቅሎዋን ያቆስላል» አሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ውጬው የኖርኩት ጥያቄ አፌ ላይ መጣ።

«የሚይዘው ሰው ታላስፈለገ፣ ለምን ሳትመጭ ቀረሽ?»

ድንቹ ማረር ጀምሮ ነበር፤ ማንም አላወጣውም።

«ተመጣሁ ትቼሽ መመለስ የምችል አልመሰለኝም» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ፈራሁ ልጄ።»

ሰባት ዓመቴ ነበርና መልሱ አልገባኝም። የገባኝ ልትመጣ ስትችል እንዳልመጣች ብቻ ነው።

በዓሉ እንዳለፈ ተመልሳ ሄደች። ያን ዕለት ማታ ወደ አባባ ተጠግቼ የባቡሩን ይንገሩኝ አልኳቸው።

«አሁንማ አውቀሽው የለ?»

«ቢሆንም እንደ ድሮው ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። በቅሎውንም፣ ሽቦውንም፣ ሐኪሙንም ሳይቀር አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ድምፃቸው ያው ነበር፣ እኔ ግን እንደ ድሮዬ መስማት አቃተኝ።

አባባ ካረፉ ቆዩ። እኔም አድጌ ዛሬ ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ እኖራለሁ፤ እሷ በጠገነችው ባቡር ትምህርቴን እመላለሳለሁ። ብዙ ጊዜ የሚናፍቀኝ ግን ያ የማይሆን ተረት ነው። እውነቱን ካወቅሁ በኋላ እናቴን ይቅር እስክላት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ተረቱን ባመንኩባቸው ሁለት ዓመታት ግን አንድም ቀን አልተቀየምኳትም።