ኦቦ ዲንቃ የተዋሱት ዓይን

ቡራዩ ታክሲ መያዣው ጋ አንድ ሰው አሮጌ ባይኖኩላር ይዞ ይሸጣል። የቆዳ ማኅደሩ ሽታ ወደ ሱሉልታ መለሰኝ።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የጎረቤታችን የኦቦ ዲንቃ ዓይን እየደከመ ነበር። «ኮከቦቹን አንዴ ቀረብ አድርጌ ልያቸው» ብለው ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ በሦስት እግር የቆመ ረጅም ቴሌስኮፕና አንድ ያገለገለ ባይኖኩላር ነበረው።

«ቴሌስኮፑን ይውሰዱ አባባ፣ ጨረቃን ደጅዎ ድረስ ያመጣልዎታል» አላቸው።

«እኔ ዓይን የለኝም። መራጯ እሷ ናት» አሉት። ሻጩ ሳቀ። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

መጀመሪያ በቴሌስኮፑ የመብራት ሽቦ እንዳይ አደረጉኝ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ ሽቦው ይጠፋብኛል። ቀጥለው ባይኖኩላሩን ሰጡኝ።

«ሽቦው አንድ ነው ሁለት? ሁለት ከሆነ መስታወቶቹ ተዛንፈዋል።»

«አንድ» አልኩ በቀስታ።

«ቶሌ፣ ጥሩ ነው» ብለው እሱን ገዙ።

እንደመሸ ክርናቸውን የግቢያቸው የድንጋይ አጥር ላይ አስደግፈው ባይኖኩላሩን ወደ ሰማይ አቀኑ። ብዙ ቆዩ።

«ታዩዎት?» አልኳቸው።

ባይኖኩላሩን ጠርገው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። «ጥሩ መርጠሻል፣ ልጄ» አሉኝ። ኮከቦቹን ይዩ አይዩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን የሰውዬውን ባይኖኩላር ተቀብዬ የመብራት ሽቦ አየሁበት። አንድ ነው።

«ምን ልታዪበት ነው፣ እህቴ?» አለኝ።

«እኔ የምመርጠው ለሌላ ሰው ነበር» አልኩና ባይኖኩላሩን መለስኩለት።